የገብስማው ዶሮ ላባ

ከእጥበት በምመለስበት ቀን የቀጨኔ ዳገት ይረዝምብኛል። ሌላ ቀን ሳላስበው የምወጣውን ቅያስ በእጥበት ቀን እየተቀመጥኩ እያረፍኩ ነው የምጨርሰው። የመጀመሪያው ማረፊያዬ አስፋልቱ ዳር ያለው የጎሚስታው ወዳጄ ቤት ነው። በሩ ላይ አንድ ያረጀ የጭነት መኪና ጎማ አለ፣ እሱ ላይ እቀመጣለሁ። ጎማ የሚያስነፋ ሰው መጥቶ «አባባ፣ አመመዎት እንዴ?» ሲለኝ «አይ፣ ዓሣ ልናጠምድ ስለምንሄድ እየተመካከርን ነው» እለዋለሁ። ሰውየው ወዳጄን ያየዋል፣ ወዳጄም የእጁን ግራሶ እየጠረገ «እውነቱን ነው» ይላል።

እጥበት የምለው የኩላሊቱን ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ጳውሎስ ሆስፒታል ከአንድ ማሽን ጋር ታስሬ አረፍዳለሁ። ማሽኑ ደሜን አውጥቶ፣ አጥቦ ይመልስልኛል። ሰው ሲያየኝ «እግዜር ይማርህ» ይላል፣ እኔም አሜን እላለሁ። ግን ይሄ ተሽሎኛል ብለው የሚነሱበት ዓይነት በሽታ አይደለም። ረቡዕ ስጨርስ ዓርብ አለ፣ ዓርብ ስጨርስ ሰኞ አለ። የታከተኝ ሕመሙ ሳይሆን ይሄ መመላለሱ ነው።

ከሁሉም የከፋው ደግሞ ጥሙ ነው። ኩላሊቴ ሥራውን ስላቆመ የጠጣሁት ውሃ መውጫ የለውም፣ እግሬ ላይና ሳንባዬ ላይ ይጠራቀማል። ስለዚህ የምጠጣው በልክ ነው። ባለቤቴ የቀን ድርሻዬን ጠዋት በላስቲክ ጠርሙስ ትሞላና ከዚያ በአረቄ መለኪያ እየቀዳች ትሰጠኛለች። ዕድሜዬን ሙሉ አረቄ አፌ ገብቶ አያውቅም፣ በስተርጅና መለኪያ ጨባጭ ሆኜ አረፍኩት። የመጨረሻዋን ጠብታ ምላሴ ላይ ይዤ ስቆይ ባለቤቴ ፊቷን ታዞራለች። ማየቱን አትችለውም።

እንዲህ ያለ ሰው ስለ ወንዝ ባያስብ ይሻለው ነበር። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ የማስበው ስለ ወንዝ ነው።

ነገሩ የጀመረው በወጣትነቴ ነው። መምህር ሆኜ ስመረቅ ዕጣዬ ባሌ፣ ዲንሾ ወጣ። እዚያ አንድ ግቢ አብሮኝ የተከራየ የእንስሳት ሐኪም ነበር፣ ማጥመድ ያስተማረኝ እሱ ነው። ትራውት የሚባለው ዓሣ የአገራችን ተወላጅ አይደለም፣ ድሮ ከኬንያ አምጥተው የባሌ ወንዞች ውስጥ የለቀቁት ነው። ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ውሃ ካላገኘ አይኖርም። በትልም ይያዛል፣ እኔ የተማርኩት ግን በዝንብ ነው። ዝንቡ እውነተኛ ዝንብ አይደለም፣ ትንሽ መንጠቆ ላይ በላባና በክር የሚታሰር ማታለያ ነው። ረጅሙን ገመድ በአየር ላይ ወዲያና ወዲህ ታወናጭፍና ዝንቡን ውሃው ላይ ቀስ ብለህ ታሳርፈዋለህ። ዓሣው ከሥር አይቶ የሚበላ ነገር ከመሰለው ብቅ ይላል። ካልመሰለው ቀኑን ሙሉ ብትቆም ዞር ብሎ አያይህም። ባለቤቴ «አንተ ደግሞ የሚንቅህን ነገር ነው የምትወደው» ትለኛለች፤ ስለ ዓሣው ብቻ እንዳልሆነ ይገባኛል።

አዲስ አበባ ከተዛወርኩ በኋላም በየዓመቱ ጥቅምት ላይ እሄድ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ደፍርሶ የከረመው የዲንሾው ወንዝ፣ ዳንካ፣ በመጸው ይጠራል፣ ከሥሩ ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይታያል። የሚወስደኝ ጎሚስታው ነው። እሱ አጥምዶ አያውቅም። ፒክአፑን ሣር ላይ ያቆምና ወንበሩን አጋድሞ ይተኛል፣ ዓሣው ሲጠበስ ብቻ ይነቃል። ከታመምኩ ወዲህ ግን አልሄድንም። ዘንድሮ እንሂድ ያልኩት እኔ ነኝ።

ዕቅዱ ቀላል ነበር። ዓርብ እጥበቴን እንደጨረስኩ ጎሚስታው ከሆስፒታሉ በር ያነሳኛል። አሰላ እናድራለን። ቅዳሜ ማለዳ በበቆጂ አድርገን ወደ ምዕራብ አርሲ እንገባለን፣ ዶዶላን አዳባን አልፈን ዲንሾ። ቅዳሜ ከሰዓት ዳንካ ላይ አጠምዳለሁ፣ እሑድ እንመለሳለን፣ ሰኞ ጠዋት ማሽኑ ጋ እገኛለሁ። ጭንቁ መንገዱ ላይ ነው። በዚህ ዘመን ሰው ከከተማ ለመውጣት ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ መንገዱ ሰላም ነው። ለሌላው ሰው መንገድ ቢዘጋ ሁለት ቀን ውሎ አድሮ መመለስ ነው። እኔ ግን ሰኞ ካልደረስኩ ውሃው ሳንባዬ ውስጥ ነው የሚያድረው።

ዲንሾ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አለ፣ አሁን የእንግዳ ማረፊያ ከፍቷል። ነሐሴን ሙሉ እየደወልኩ አሰለቸሁት።

«ዓርብና ቅዳሜ ለመምጫ መንገዱ እንዴት ነው?» እለዋለሁ።

«ለጊዜው ሰላም ነው ጋሼ። ግን እ... ማለቴ፣ ጥቅምት የሚሆነውን አሁን ማን ያውቃል?»

«ውሃውስ?»

«ኧረ ገና ነው! ቡና መስሏል።»

ስልኩን ዘግቼ የሰማሁትን ለጎሚስታው እነግረዋለሁ። እሱም የሰማውን ጨርሶ የረሳ ይመስል እንደገና ያስነግረኛል፤ ሆን ብሎ መሆኑን አውቃለሁ። ስለ ዳንካ ሳወራ ድካሜ ትንሽ ቀለል ይለኛል።

አንድ ቀን ከእጥበት ስመለስ እንደ ልማዴ ጎማው ላይ ቁጭ ብያለሁ። ከባድ ቀን ነበር፣ ማሽኑ ላይ እያለሁ የደም ግፊቴ ወርዶ ራሴን ስቼ ነበር። ጎሚስታው ካላማዳሪ ጎማ ውስጥ ሚስማር እየፈለገ «ለአንድ ፍሬ ዓሣ ይሄን ሁሉ ነዳጅ! ወረፋው ራሱ አንድ ጉዞ ነው እኮ» ብሎ ተነኮሰኝ።

«ዓሣው ቀረብህ» አልኩት። «እኔ እዚያ ስደርስ መጀመሪያ ምን እንደማደርግ ታውቃለህ? በደረቴ ተኝቼ አፌን ወንዙ ውስጥ ነክሬ እስክጠግብ እጠጣለሁ። ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ፣ በቃ።»

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ቀና ስል ባለቤቴ ዳገቱን ልታግዘኝ መጥታ ከበሩ አጠገብ ቆማለች። ክንዴን ደግፋ ወደ ቤት ወሰደችኝ፣ መንገዱን ሙሉም አልተነጋገርንም። ያኔ የመሰለኝ የደከማት ነው።

አሁን ስለ ዶሮው ልናገር። ለዝንብ የሚሆነው ላባ ከየትም አይገኝም። የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ነው የሚፈለገው፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጠንካራ። ከሁሉም የሚሻለው ደግሞ የገብስማው ነው፤ ነጩና ጥቁሩ እየተፈራረቀ የተዥጎረጎረው። ውሃው ላይ ሲያርፍ ክንፉን የሚያርገበግብ ነፍሳት ይመስላል። ስለዚህ ባለቤቴ ለዓመት በዓል ዶሮ ልትገዛ አዲሱ ገበያ ስትሄድ ሌላው ሴት ቀይ ሲመርጥ እሷ ገብስማ ነው የምትፈልገው። ነጋዴዎቹ ያውቋታል። «የገብስማዋ ሴትዮ መጣች» ይሏታል፣ ዋጋም ይጨምሩባታል። ቤታችን ውስጥ አንድ ሕግ አለ። ዶሮው እንደታረደ የአንገቱ ላባ በደረቁ ይነጫል፣ የፈላው ውሃ የሚፈስበት ከዚያ በኋላ ነው። ውሃ ከነካው ላባው ይልፈሰፈሳል፣ ለምንም አይሆንም። ይህን ሕግ ባለቤቴ ከእኔ በላይ ታከብረው ነበር። ላባውን ነጭታ፣ ጋዜጣ ላይ ዘርግታ፣ ከስፌት ሣጥኗ ቀጭን ክር ቆርጣ አጠገቡ ታስቀምጥልኝ ነበር።

ዘንድሮ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ በእጥበቴ ቀን ዋለ። እግሬን እየጎተትኩ ቤት ስገባ ሽንኩርቱ እየተቁላላ ነው። ዶሮውን ጎረቤታችን ባርኮ ሄዷል። ሳፋው ውስጥ ያለውን ሳይ ክው አልኩ። የገብስማው አንገት ራቁቱን ነው፣ ከጎኑ የፈላ ውሃ የበላው ላባ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተከምሯል።

«ላባውስ?» አልኳት።

«ሥራ በዛብኝና ዘነጋሁት» አለች፤ ዐይኔን ሳታይ።

ደሜ ፈላ፣ ግን የምጮህበት አቅም አልነበረኝም። ገብቼ ተኛሁ። በማግስቱ ፈረሰኛውን አውጥታ ስታቀርብልኝ አልበላሁም። እሷም አልለመነችኝም።

እርግጥ ሌላ ዶሮ መግዛት ይቻል ነበር። ገብስማ ዶሮ ከአዲሱ ገበያ አልጠፋም። ግን የደከመ ሰው የሚፈልገው ማቆሚያ ምክንያት ነው፣ እኔም አገኘሁ። ለተማሪዬ መደወል ተውኩ። ጎሚስታው ቀን እንቁረጥ ሲለኝ «ተወው እባክህ፣ ዝንብም የለኝ» ብዬው አለፍኩ። ከዚያ ደግሞ የማላደርገውን ማድረግ ጀመርኩ። ባለቤቴ ወደ ሱቅ ስትወጣ ከባልዲው በጣሳ ጨልፌ ጠጣሁ። ሲወርድ ጉሮሮዬ ራሱ ያለቀሰ መሰለኝ። ጣፈጠኝ ማለት አይበቃም። በማግስቱም ደገምኩት።

ሰኞ ስመዘን ነርሷ ሚዛኑን አይታ እኔን አየችኝ።

«ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ? እስካሁን እኮ ከሁሉም ጠንቃቃው እርስዎ ነበሩ!»

እየተነፈስኩ አልነበረም ማለት ይቻላል፣ አየሩ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። አብራኝ የመጣችው ባለቤቴ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ሁሉንም ሰማች። ያን ቀን ማሽኑ ያን ሁሉ ውሃ ከላዬ ሲመጥ ከራስ ጠጉሬ እስከ ጥፍሬ ቁርጥማት ያዘኝ። ቤት ስንደርስ እንደ ሕፃን ጫማዬን አወለቀችልኝ።

ትንሽ አረፍ ካልኩ በኋላ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፣ ግን አልሰፋችም። ለሰው የምትሰፋውን የተማሪ ዩኒፎርም ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። እኔ ነኝ የጀመርኩት።

«አንቺ ያን ላባ ረስተሽው አይደለም» አልኳት። «አንድም ዓመት ረስተሽ አታውቂም። አውቀሽ ነው ውሃውን ያፈሰስሽበት።»

ትክዳለች ብዬ ነበር።

«አዎ፣ አውቄ ነው» አለች። «እንደምትቀየመኝም አውቃለሁ። ተቀየመኝ!»

«ምን አድርጌሽ ነው?»

«ጎማው ላይ ተቀምጠህ ያልከውን ሰምቻለሁ። እስክጠግብ እጠጣለሁ፣ የመጣው ይምጣ አልክ።»

«ቀልድ ነው እኮ፣ አንቺ ደግሞ!»

«እሺ፣ ቀልድ ይሁን። ነሐሴን ሙሉ ስልክ ስትደውል እዚሁ ቁጭ ብዬ ስሰፋ ነበር። የዓርቡ መንገድ እንዴት ነው፣ የቅዳሜው እንዴት ነው ትላለህ። ስለ እሑድ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ጠይቀሃል? መመለስ የሚፈልግ ሰው መመለሻውን አይጠይቅም? አንተ ሰውዬ፣ እኔን እዚህ ጥለህ ወንዝ ዳር ልትቀር ነው የምትሄደው። ዶሮ ገዝቼ፣ ክር ቆርጬ፣ ስንቅ ቋጥሬ ልሸኝህ? እንዴት ብዬ!»

አለቀሰች። ባለቤቴ ሰው ፊት አታለቅስም፣ እኔ ፊትም ቢሆን አልፎ አልፎ ነው።

ተሳስተሻል ልላት ነበር። ነሐሴን መለስ ብዬ አሰብኩት። ዓርብን በዝርዝር አውቀዋለሁ፣ የት ምሳ እንደምንበላ፣ አሰላ የቱ ሆቴል እንደምናድር። ቅዳሜንም አውቀዋለሁ፣ የቱ ድንጋይ ላይ ቆሜ የቱ ጥልቅ ውሃ ላይ እንደምወረውር። እሑድ ስደርስ ግን አሳቤ ይቆማል። እሑድ የሚባል ቀን በዕቅዱ ውስጥ ስሙ ብቻ ነው ያለው። ለመሞት አቅጄ ነበር ብዬ ብናገር እውነት አይሆንም፣ እንደዚያ ብዬ አስቤ አላውቅም። ለመመለስ አቅጄ ነበር ብልም እውነት አይሆንም። በጣም ደክሞኝ ነበር። ድካሙ ከራሴ ተደብቆ ያቀደልኝን ዕቅድ ያየችው እሷ ናት።

«አላውቅም» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ስለ ጉዞው አላነሳንም። ውሃዬን በመለኪያ ትቀዳለች፣ እቀበላለሁ። ከባልዲው መጨለፍ አቆምኩ፣ ግን ጎማው ላይ ስቀመጥም የማወራው አልነበረኝም። ጎሚስታው ስለ ኳስ ያወራኛል። ስለ ኳስ ምንም አላውቅም። እየሰማሁ እንዳልሆነ ያውቃል፣ ቢሆንም ያወራል። ባለቤቴ ጠዋት ለእጥበት ስትቀሰቅሰኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞር ጀመር። አንድ ጠዋት «ዛሬስ ባልሄድ?» አልኳት። ባለቤቴ አልተቆጣችም። ካልሲዬን ይዛ ብዙ ቆየች፣ ከዚያ አጠለቀችልኝ።

የመስቀል ዕለት ረፋዱ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ሰፈራችን ውስጥ ጉራጌውም፣ ጋሞውም፣ ሌላውም መስቀልን እንደየወጉ ያደምቃል፣ ከየቤቱ የቅቤ ሽታ ይወጣል። እንኳን አደረሳችሁ ልትል የሄደች መሰለኝ። ስትመለስ ጠጉሯ ላይ ብናኝ ላባ ተጣብቋል፣ እጇ ላይ በቁራጭ አቡጀዲ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። አልጋዬ ላይ ፈታችው። የገብስማ አንገት ላባ ነው። ደረቅ፣ ንጹሕ፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን የተደረደረ።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከላይ ካለው ሸማኔ ቤት። ገብስማ ገዝተዋል ሲባል ሰማሁ። ውሃው ሳይፈላ ደረስኩባቸው። የሰው ዶሮ ይዤ አንገቱን ስነጭ ሴቶቹ አበደች ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ!»

ላባውን አንስቼ በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። እንባ መጣብኝ፣ አልደበቅኩም።

«እኔም እመጣለሁ» አለች። «ከጎሚስታው ጋር ተነጋግረናል። እሱ ይነዳል፣ እኔ ከፊት፣ አንተ ከኋላ ወንበር ላይ ተጋድመህ ትሄዳለህ። ያን ያህል ዘመን ስንቅ ቋጥሬ ወንዙን አይቼው አላውቅም፣ ምን እንዳለው ልየው። ብትቀር ትቀራለህ እንጂ እዚህ ተቀምጬ አልጠብቅህም። ጠዋት ጠዋት ፊትህን ወደ ግድግዳ ከምታዞርብኝ መንገድ ላይ አብረን ብንንገላታ ይሻለኛል።»

ከመደርደሪያው ላይ መለኪያዋን አነሳች። በነጠላዋ ጫፍ ወለወለቻትና በሌላ ቁራጭ አቡጀዲ ጠቅልላ የጉዞ ቦርሳው ውስጥ ከሁሉም በፊት ከተተቻት።

«ወንዙ ዳርም ቢሆን የምትጠጣው በዚህችው ነው» አለች። «የምቀዳልህም እኔ ነኝ።»

«ከዳንካ?»

«ከዳንካ። ጥርት ያለ ነው ብለህ የለ?»

ከዚያ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠችና የዩኒፎርሙን እጅጌ ማያያዝ ጀመረች። ጀርባዋ ወደ እኔ ነው። መኪናው ጠ-ጠ-ጠ ይላል። ጥቂት ቆይቼ ስልኬን አነሳሁ፣ ተማሪዬ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ! እንኳን አደረሰዎት! ጠፉብኝ እኮ» አለ። «ውሃው ጠርቷል። የዓርቡንና የቅዳሜውን መንገድ ነው የሚጠይቁኝ?»

«አይደለም» አልኩት። «እሑድን ነው። እሑድ ለመመለሻ መንገዱ እንዴት ነው?»

የስፌት መኪናው ቆመ። እስኪመልስልኝ ሁለታችንም ጠበቅን።